«ለጓደኛዬ ነው»፦ ከአባላዘር በሽታ ራስን የመጠበቂያ መመሪያ

ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ኮንዶም ሊገዛ የመጣ ሰው ገና በሩ ላይ ሲደርስ ይታወቀኛል። መጀመሪያ ፓናዶል ይጠይቃል። ቀጥሎ የጥርስ ሳሙናዎቹን አንድ በአንድ ያነባል። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ይጠብቃል። ከዚያ ጠጋ ይልና በጣቱ ያሳየኛል፤ ስሙን አይጠራም።

ሽንቱ ማቃጠል የጀመረው ሰው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። «ለጓደኛዬ ነው» ይላል። ጓደኛው ሲሸና ያቃጥለዋል። ከጀመረው ሦስት ቀን ሆኖታል። ሥራ ስለያዘው ራሱ መምጣት አልቻለም። እኔም ስለ ጓደኛው ስጠይቅ፣ እሱም ስለ ጓደኛው ሲመልስ ቆይተን፣ መጨረሻ ላይ «ጓደኛህን ጤና ጣቢያ ውሰደው» እለዋለሁ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚያ ጓደኛ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ እዚህ የማዘው መድኃኒትም የለም። በሹክሹክታ የተጠየቅኩትን ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ልመልስ።

ደረጃ 1፦ ከምን እንደምትጠበቁ እወቁ

የአባላዘር በሽታ ማለት በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ነው። ወላጆቻችን ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክርና ባምቡሌ ይሏቸው ነበር። ዛሬ ክላሚዲያ፣ ትሪኮሞናስ፣ ሄርፒስ፣ ኤች ፒ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ) እና ኤች አይ ቪም አሉ። ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ፣ ክላሚዲያና ትሪኮሞናስ በትክክለኛ መድኃኒት ይድናሉ። ሄርፒስና ኤች አይ ቪ ከሰውነት አይወጡም፤ በመድኃኒት ግን ይገታሉ። ኤች ፒ ቪን ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል፤ አልወጣ ያለው ግን የማህፀን በር ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 374 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሰዎች በጨብጥ፣ በቂጥኝ፣ በክላሚዲያ ወይም በትሪኮሞናስ አዲስ ተይዘዋል። በቀን ከ1 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ስሰማ ከብዛቱ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ምንም ምልክት የላቸውም። አያሳክክም፣ አያቃጥልም፣ ፈሳሽ የለም። በተለይ ሴቶች ላይ ክላሚዲያና ጨብጥ ድምፃቸውን አጥፍተው ወራት ይቀመጣሉ። ከዚያ የማህፀን ቱቦውን ያጠብቡታል። ሴትዮዋ የምታውቀው ከዓመታት በኋላ ልጅ እንቢ ሲላት ነው።

ቂጥኝ ደግሞ አታላይ ነው። መጀመሪያ ብልት ላይ፣ አንዳንዴም አፍ ላይ፣ አንዲት ቁስል ትወጣለች። አታምም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ምንም ሳይደረግላት በራሷ ትደርቃለች። ሰውየው «ቅባት ቀብቼው ዳነልኝ» ይላል። ቁስሉ እንጂ በሽታው አልዳነም። ከሳምንታት በኋላ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ሳይቀር ሽፍታ ይወጣበታል፤ እሱም ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ ልብና አንጎል ጋ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ «ንጹሕ ናት»፣ «ጨዋ ነው»፣ «አያስታውቅበትም» የሚባለውን ተዉት። አያስታውቅም፤ ችግሩም እሱ ነው።

የማይተላለፍበትንም ልናገር። ስናድግ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ መሽናት ጨብጥ ያሲዛል ይሉን ነበር። አያሲዝም። መጨባበጥ፣ አንድ ትሪ ላይ መብላት፣ የወባ ትንኝ፣ የሕዝብ ሽንት ቤት መጠቀም፣ እነዚህም ነፃ ናቸው። ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ቢ ግን በደምም ስለሚተላለፉ ምላጭ መዋዋስ፣ በአንድ ስለት ብዙ ሰው የሚቆረጥበት ዋግምትና ንቅሳት ያሰጋሉ። በአፍና በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነትም እንደ ሌላው ያስተላልፋል፤ በፊንጢጣ የሚደረገው እንዲያውም ለኤች አይ ቪ ይብሳል።

ደረጃ 2፦ ወሬው ከአልጋ በፊት ይሁን

በትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ ያለፈ ሰው «የመ ሕጎችን» አይረሳም፦ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም። ሦስቱም ዛሬም ይሠራሉ። መታቀብን በተመለከተ የምጨምረው የለኝም። መወሰን ላይ ግን አንድ ነገር ይጎድላል። መወሰን የሚጠብቀው ሁለታችሁም ስትወስኑ፣ ሁለታችሁም ከመወሰናችሁ በፊት ስትመረመሩ ነው። አንዱ ብቻውን ቢወስን ግማሽ ጣሪያ ነው፤ ዝናቡ ይገባል።

እንዴት ይጀመራል? በራሳችሁ ጀምሩት። «ተመርምረሃል?» ብሎ መጠየቅ እንደ ፖሊስ ያስመስላል። «ከተመረመርኩ ዓመት አልፎኛል፤ ቅዳሜ ልሄድ ነው፤ አብረን ብንሄድስ?» ሲባል ግን ማንም አልተከሰሰም። «አታምኚኝም እንዴ?» ካለ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ «እኔም እኮ ራሴን አላውቀውም፤ ሁለታችንም እንይ።»

ኮንዶም የሚለውን ቃል ማንሳት የሚያጣላቸው ሴቶች አሉ። ይህን ከመስኮቱ ማዶ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንዲት ደንበኛዬ ያገኘችው መውጫ ይህ ነበር፦ «መርፌውን አቁሜያለሁ፣ እርግዝና እፈራለሁ።» በሽታን ካነሳች ጠብ ነው፤ እርግዝናን ስታነሳ ግን ሰውየው ራሱ ሱቅ ይሮጣል። ውሸትም አይደለም፤ ኮንዶም ለሁለቱም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ውሳኔውን ቀን፣ በጤነኛ አእምሮ ወስኑት። ከሰዓት ምርቃና፣ ማታ ጨብሲ ከተባለ በኋላ ስለ ኮንዶም የሚከራከር ሰው አላየሁም። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ሳትወጡ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ለሴቶችም እንደዚያው፤ ኮንዶም የያዘች ሴት ላይ ጣቱን የሚቀስር ሰው የእሷን መድኃኒት አይገዛላትም።

ደረጃ 3፦ ተመርመሩ፣ ግን ምን እንደተመረመራችሁ እወቁ

ከጋብቻ በፊት ብዙ ቤተ ክርስቲያኖች የምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ። ጥሩ ልማድ ነው። ግን ወረቀቱን አንብቡት። ብዙ ጊዜ ያለው ኤች አይ ቪ ብቻ ነው። «ነጋቲቭ» ማለት ከኤች አይ ቪ ነፃ ማለት እንጂ ከሁሉም ነፃ ማለት አይደለም።

ስትሄዱ እነዚህን ሦስት ነገሮች በስማቸው ጠይቁ፦

— የኤች አይ ቪ ምርመራ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።
— የቂጥኝ ምርመራ። ላቦራቶሪዎች ብዙ ጊዜ ቪዲአርኤል ይሉታል።
— የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ። ወረቀቱ ላይ ኤችቢኤስኤጂ ተብሎ ይጻፋል።

ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። ወደ አረብ አገር ለመሄድ የሕክምና ምርመራ ያደረገ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ብዙዎች «ጉበት አለብህ» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት እዚያ፣ ሻንጣ ከገዙ በኋላ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ከኤች አይ ቪ በብዙ የሚበልጥ ሰው ደም ውስጥ አለ። ከኤች አይ ቪ ይልቅም በቀላሉ ይተላለፋል። ጨብጥና ክላሚዲያን በሽንት ወይም በብልት ናሙና የሚመረምሩት ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ናቸው፤ አቅማችሁ ከፈቀደ ጨምሩት።

አሁን ስለ ቀን እንነጋገር። ትናንት ተገናኝቶ ዛሬ ምርመራ ሊያደርግ የሚመጣ አለ። ኤች አይ ቪ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምርመራው እስኪያገኘው ጊዜ ይወስዳል። በጤና ጣቢያ የሚደረገው ፈጣን የደም ምርመራ እርግጠኛ የሚሆነው ከ90 ቀን በኋላ ነው። የእኛ ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጥቅምት 5 ከሆነ ጥር 5 ተመለሱ፤ ሒሳብ አያስፈልግም። በመሃል ያለው «ነጋቲቭ» የመጨረሻ መልስ አይደለም፤ እስከዚያ ኮንዶም አይቅር።

እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ላለን፦ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት የአገሪቱ ሰዎች መካከል ኤች አይ ቪ የተገኘባቸው ከመቶ 0.9 ነበሩ። በከተሞች 2.9፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 3.4። «ኤድስ እኮ አለቀ» የሚል ወጣት ሲገጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ። ያለቀው ፖስተሩ ነው።

ፖዘቲቭ ሆኖ ለተገኘም ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው ቫይረሱን በግንኙነት አያስተላልፍም። አንዳቸው ፖዘቲቭ የሆኑ ጥንዶች ካላችሁ፣ ነጋቲቩ ሰው አስቀድሞ የሚወስደው የመከላከያ ክኒን በአንዳንድ ጤና ተቋማት አለ፤ ጠይቁ። ፀበል የምትሄዱም መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እርጉዝ ከሆናችሁ የቅድመ ወሊድ ክትትሉን በጊዜ ጀምሩ። ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ሦስቱም እዚያ ይመረመራሉ። ቂጥኝ ጽንሱን ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ የተወጋ ፔኒሲሊን ግን ያድነዋል።

ደረጃ 4፦ ኮንዶም፣ ከመግዛት እስከ መጣል

በክበቡ ሙዝ ላይ ሲያሳዩን ቀላል ነበር። ሙዝ አይቸኩልም፣ መብራትም አያጠፋም። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ሲገዙ። ሕይወት ትረስትም ሆነ ሴንሴሽን፣ በሽታን በመከላከል ረገድ ርካሹም ውዱም እኩል ነው። ልዩነቱ ሽታው፣ ቀለሙና ካርቶኑ ነው። የሚያሳስበኝ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የሱቅ መስታወት ላይ የተሰቀለውን ተዉት፤ ከውስጥ ያለውን ስጠኝ በሉ።

ቀኑን ሲያዩ። ይህን በትኩረት አንብቡልኝ። አንድ ጎረምሳ ከቤት የቆየ ፓኬት ይዞ መጣና «ይሠራል አይደል?» አለኝ። ማሸጊያው ላይ 03/2025 ይላል። «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» አለኝ በሙሉ ልብ። ቁጥሩ እኮ የፈረንጅ ነው! በእኛ መጋቢት 2017 ማለት ነው፤ ካለፈበት ቆይቷል። የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ሁሉ እንዲህ ነው፤ ከዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ።

ሲያስቀምጡ። የኋላ ኪስ ቦርሳ ውስጥ ወር ሙሉ የተቀመጠ ኮንዶም በላዩ ተቀምጣችሁበታል። ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ። ሙቀትና ማሸት ላስቲኩን ያደክመዋል። የደረት ኪስ ወይም የእጅ ቦርሳ ይሻላል። የመኪና ኪስ ውስጥም አይሆንም።

ሲጠቀሙ ተራው ይህ ነው፦

1. ማሸጊያውን በጣት ጫን በሉት። ውስጡ አየር ካለ እንደ ትራስ ይመለሳል። ሙሽሽ ካለ ተቀድዷል፤ ጣሉት።
2. ኮንዶሙን ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጋችሁ በሌላው ጎን ቅደዱት። በጥርስና በመቀስ አይሆንም። ጥፍራቸውን ያስረዘሙ ደግሞ ቀስ ይበሉ።
3. ብልት ከቆመ በኋላ፣ ማንኛውም ንክኪ ከመጀመሩ በፊት ይጠለቃል። «መጨረሻ ላይ አደርጋለሁ» የሚባል ነገር የለም።
4. ጫፉን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ አየሩን አውጡ። አየር የቀረበት ጫፍ ነው የሚፈነዳው።
5. ጥቅልሉ ወደ ውጭ መሆኑን አይታችሁ እስከ ሥሩ ዘርጉት። አልዘረጋ ካለ ገልብጣችሁታል ማለት ነው። ያንን ገልብጦ መጠቀም አይቻልም፤ ጫፉ ፈሳሽ ነክቷል። አዲስ ክፈቱ።
6. ማለስለሻ ካስፈለገ ቅባት የሌለው፣ በውሃ የተሠራ ጄል ይሁን። ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት፣ የገላ ሎሽንና ለጋ ቅቤ ላስቲኩን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳሱታል።
7. ከጨረሳችሁ በኋላ ብልቱ ሳይላላ፣ ኮንዶሙን ከሥሩ ይዛችሁ ውጡ። ብዙ ኮንዶም የሚያመልጠው እዚህ ጋ ነው፤ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል።
8. ቋጥራችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት። የሽንት ቤት ቱቦ ውስጥ ስትጨምሩት የምትጠሩት የቧንቧ ሠራተኛ ምን እንዳገኘ ይነግራችኋል።

ሁለት ደርቦ መልበስ ያጠነክራል ብለው የሚያስቡ አሉ። ተፋትጎ ይቀደዳል። ለእያንዳንዱ ዙር አንድ አዲስ ነው።

ገደቡንም ልንገራችሁ። ኮንዶም ከኤች አይ ቪ፣ ከጨብጥና ከክላሚዲያ በደንብ ይጠብቃል፤ እነዚህ በፈሳሽ የሚመጡ ናቸው። ሄርፒስ፣ ቂጥኝና ኤች ፒ ቪ ግን ከቆዳ ወደ ቆዳ ስለሚሄዱ ኮንዶሙ የማይሸፍነው ቦታ ላይ ካሉ ያልፋሉ። ስለዚህ ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ወይም ኪንታሮት የሚመስል እብጠት ካያችሁ፣ በኮንዶምም ቢሆን ይቅርባችሁ።

ደግሞም መታጠብ መከላከያ አይደለም። ከግንኙነት በኋላ ብልታቸውን ውስጥ ድረስ በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በዴቶል የሚታጠቡ ሴቶች አሉ። ይህ የብልትን የራሱን መከላከያ ገድሎ በሩን ይከፍታል። ውጪውን በውሃ ታጠቡ፤ ይበቃል። መገረዝም እንደዚሁ። ወንድን ከሴት በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉን በ60 ከመቶ ገደማ ይቀንስለታል፤ ከጨብጥ ግን አያድነውም። ጨብጥ ይዞት የሚመጣልኝ ጓደኛ ሁሉ የተገረዘ ነው።

ደረጃ 5፦ ክትባት ያላቸውን ተከተቡ

ሁለት ናቸው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ አልተከተባችሁም ብላችሁ አስቡ። መጀመሪያ ተመርመሩ፤ ነጋቲቭ ከሆናችሁ ሦስት ጊዜ ትወጋላችሁ፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ሦስተኛዋን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ አስታዋሽ ሙሉ።

የኤች ፒ ቪ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ተሰጥቷል። ከትምህርት ቤት የፈቃድ ወረቀት ሲመጣ «መሃን ያደርጋል» የሚለውን የሰፈር ወሬ አትስሙ። አያደርግም። የሚከላከለው የማህፀን በር ካንሰርን ነው። ዕድሜያችሁ 30 ያለፈ እናቶች ደግሞ የማህፀን በር ምርመራ አድርጉ። ባለሙያዋ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብታ ታየዋለች፤ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው።

ደረጃ 6፦ ኮንዶሙ ከተቀደደ ሰዓቱን ቁጠሩ

72 ሰዓት አላችሁ። ቅዳሜ ማታ ከሆነ እስከ ማክሰኞ ማታ። ይህ የመጨረሻው ገደብ ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም፤ እሑድ ጠዋት ከማክሰኞ በብዙ ይሻላል። ኤች አይ ቪን ለመከላከል ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ወደ ሆስፒታል ወይም የኤች አይ ቪ ሕክምና ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ለኤች አይ ቪ ተጋልጬ ይሆናል፤ ይህን ያህል ሰዓት ሆኖኛል» በሉ። ሌላ ታሪክ ማውራት የለባችሁም።

እዚህ ጋ በየሰኞ ጠዋቱ የማየው ስሕተት አለ። ወጣቶች እየሮጡ መጥተው ፖስት ፒል ይገዛሉ፤ ውጠው ተንፍሰው ይሄዳሉ። ፖስት ፒል ለእርግዝና ነው። ለበሽታ ምንም አይሠራም። ሁለቱም «72 ሰዓት» ስለሚባሉ ይመስለኛል የሚምታታው።

የተደፈረች ወይም የተደፈረ ሰው ከሆነ ደግሞ ሳይታጠብ፣ ልብሱን ሳያጥብ፣ በቶሎ ሆስፒታል ይሂድ። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና ፖሊሱን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ።

ደረጃ 7፦ ምልክት ከታየ ወደ ፋርማሲ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ

ራሴን ሥራ እያሳጣሁ ነው፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። «ዶክሲ ስጪኝ»፣ «ሲፕሮ ስጪኝ» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣል፤ ሁለቱም አንቲባዮቲክ ናቸው። ጨብጥ ሲፕሮን ከለመደው ቆይቷል። ሦስት ክኒን ውጦ ማቃጠሉ ቀነስ ሲልለት ያቆመ ሰው በሽታውን አላምዶ ለሌላው ያቀብላል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሲሸኑ ማቃጠል፣ ከብልት የሚወጣ መግል፣ የሚያምም ሆነ የማያምም ቁስል፣ የብሽሽት እብጠት፣ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ የዘር ፍሬ እብጠት። ሴቶች ላይ ፈሳሹ ቀለሙን፣ ሽታውን ወይም መጠኑን ከለመዳችሁት ሲቀይር። ፈሳሽ ሁሉ ግን የአባላዘር በሽታ አይደለም፤ ከግንኙነት ጋር የማይያያዝ ፈንገስም አለ፤ ባል ላይ ከመጮህ በፊት መታየት ነው።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ባለሙያው ብዙ ጊዜ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ በምልክቱ ያክማችኋል። ግድየለሽ ሆኖ አይደለም፤ አሠራሩ እንዲያ ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ አብረው ስለሚመጡ ለሁለቱም አንድ ላይ ይሰጣል፤ መርፌና ክኒን። ለቂጥኝ ደግሞ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መቀመጫ ላይ ይወጋል። ያማል፤ አልዋሽም። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሰው ፊት ምክንያታችሁን መናገር ከከበዳችሁ «የግል ጉዳይ ነው፣ ለባለሙያው እነግራለሁ» በሉ። ወጣቶች ለወጣቶች ምቹ የሚባለውን ክፍል ወይም የቤተሰብ መምሪያን ክሊኒኮች ሞክሩ።

መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ፍሬ ጨርሱ። ሜትሮኒዳዞል ካለበት መጠጥ አይቀመስም። መውሰድ ከጀመራችሁ ቢያንስ 7 ቀን፣ ደግሞም የፍቅር ወይም የትዳር ጓደኛችሁ ታክሞ እስኪያበቃ፣ ግንኙነት የለም።

ደረጃ 8፦ ለጓደኛችሁ ንገሩ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚዘለለውም።

አንድ ሰውዬ ነበር፤ ትልቅ ሰው ነው፣ «ጋሼ» የምለው። በዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ያው መድኃኒት ታዘዘለት። በየጊዜው ለባለቤቱም የታዘዘውን አብሮ ይወስድላት ነበር። «መርፌዋን ተወጋች?» ስለው «አዎ፣ አዎ» ይለኛል። ሦስተኛው ጊዜ ላይ መድኃኒቱን አበላሽተን ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። ጋሼም ተቆጣ፤ «መድኃኒታችሁ አይሠራም!» ብሎ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ መጣች። ከቦርሳዋ ዶክሲሳይክሊን አወጣች፤ ከአሥራ አራቱ አሥሩ አልተነኩም። «ልጄ፣ ይሄ ቫይታሚን ሆዴን አመመኝ» አለችኝ። «ባለፈውም ጊዜ እንደዚሁ አድርጎኝ ተውኩት። ሌላ የማያምም ቫይታሚን የለሽም?»

ሆድ የሚያሳምመው ያለ ምግብ ሲወሰድ ነው። እንደዚያ መውሰድ እንደሌለባት የነገራት የለም። ቫይታሚን ነው የተባለው ስለምን ይጨረሳል? እሷ ሳትጨርስ፣ እሱ ይድናል፤ ከዚያ ተመልሶ ከእሷ ይይዘዋል።

የሚነገርበት መንገድ አለ። ቀኑን፣ ቃሉንና ቀጣዩን ሥራ ብቻ ያዙ፦ «ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። በግንኙነት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን አለብህ አሉኝ። ምልክት ባይኖርሽም አንቺም መታከም አለብሽ። ነገ አብረን እንሂድ።» ማን አመጣው የሚለው ክርክር ከሕክምናው በኋላ ይደረስበታል፤ ምልክት ሳያሳይ ለረዥም ጊዜ ሊቀመጥ ስለሚችልም ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። መናገሩ የሚያስደበድብ ከሆነ ብቻችሁን አትናገሩ፤ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አብራችሁ ስትሄዱ እሱ እንዲያስረዳ ጠይቁ። ለትዳር ጓደኛ የሚሰጥ የጥሪ ወረቀት ያላቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ።

ለዚያች ሴት ግን ያን ቀን የነገራት ሰው አልነበረም። ረዳቴን መስኮቱን እንድትይዝ ነገርኳት። ከኋላ ያለውን ወንበር አምጥቼ «እማማ፣ እስኪ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አልኳት።